«ፖሊሱ ተበደለ» ብላችሁ ከመሟገታችሁ በፊት መዝገቡን እንዴት ታነቡታላችሁ

የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አሜሪካ የሚኖር የአጎቴ ልጅ አለ፣ ስራው እስር ቤት ጥበቃ ነው፣ እና በየወሩ አንድ የተፈረደበት ፖሊስ ፎቶ አምጥቶ ይለጥፍልናል። ከስሩ «ህዝብ ሲጠብቅ ኖሮ እንደ ወንበዴ ታሰረ» ይላል። እህቴ ወዲያው ትገባና «እንደውም ሲያንሰው ነው» ትላለች፣ በቃ ከዛ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ግሩፑ ጦር ሜዳ ነው። እኔ መሀል ሆኜ የታዘብኩት፣ ሁለቱም መዝገብ የሚባል ነገር ከፍተው አያውቁም፣ ያዩት ፎቶና ቁጥር ብቻ ነው።

ይሄን የምጽፈው ለነሱ ነው፣ እናንተም ግሩፓችሁ ውስጥ እንደነሱ አይነት አይጠፋምና ተጠቀሙበት። ምሳሌዎቼ የአሜሪካ ናቸው፣ ክርክሩ ሁሌ የሚነሳው በነሱ ኬዝ ስለሆነና መዝገቡም ለማንም ክፍት ስለሆነ።

አቋሜን ካሁኑ ልናገር። «ፖሊስ ላይ በዛ» የሚለው እሮሮ ብዙ ጊዜ ግማሹ ልክ ነው፣ ሰው የሚሳሳተው የቱ ግማሽ ልክ እንደሆነ ስለማይለይ ነው። መከሰሱ አንድ ነገር ነው፣ ጥፋተኛ መባሉ ሌላ ነው፣ የተቆለለበት ዓመት ደግሞ ሌላ። የሚወስኑትም የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ የሚከሰው አቃቤ ህግ፣ ጥፋተኛ የሚለው ከተራ ዜጎች የተውጣጣው ጁሪ፣ ዓመቱን የሚቆርጠው ዳኛ፣ ከዳኛው ጀርባ ደግሞ «ከዚህ በታች አትውረድ» ብሎ ቀድሞ ህግ ያወጣ ምክር ቤት ሊኖር ይችላል። ሁሉንም ጠቅልላችሁ «ፍርድ ቤቱ በደለው» ካላችሁ በማን እንደተናደዳችሁ እንኳን አታውቁትም።

ወረቀቱ የት ይገኛል

ከዜና አትጀምሩ። ፌደራል ኬዝ ከሆነ ፔሰር የሚባል የፍርድ ቤቶቹ ሲስተም አለ፣ አካውንት ከፍታችሁ ትገባላችሁ፣ በገጽ 10 ሳንቲም ነው፣ አብዛኛው ዶክመንት ምንም ቢረዝም ከ3 ዶላር አያልፍም፣ በሶስት ወር ውስጥ ከ30 ዶላር በላይ ካልተጠቀማችሁ ደግሞ ጭራሽ አትከፍሉም። ኮርትሊስነር የሚባለው ሳይት ላይ ሌላ ሰው ቀድሞ ያወረደውን በነጻ ታገኛላችሁ። የይግባኝ ውሳኔ ብቻ ከፈለጋችሁ ጉግል ስኮላር ይበቃል።

የኔ ዘዴ ከመጨረሻው መጀመር ነው፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከጻፈው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ ያወጡላችኋል፣ ማን የት ቆሞ ነበር፣ ስንት ጥይት ተተኮሰ፣ ማን ምን ብሎ መሰከረ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ጁሪው ጥፋተኛ ካለ በኋላ ይግባኝ ሰሚው ታሪኩን የሚተርከው ወደ ጁሪው ውሳኔ አድልቶ ነው፣ አሰራሩ እንደዛ ስለሆነ። ስለዚ የፖሊሱን ወገን ለመስማት የጠበቃውን ጽሁፍም ማየት አለባችሁ። የአጎቴ ልጅ ይሄን ስነግረው «አየህ፣ ያደላሉ!» አለኝ። አይ፣ እንደዛ ለማለት አይደለም፣ ግን በዚች እንኳን ትንሽ ተስማምተናል።

ከዛ ክሱን ክፈቱና ስንት ክስ እንደነበር ቁጠሩ፣ ቀጥሎ ጁሪው በየትኛው ጥፋተኛ በየትኛው ነጻ እንዳለው እዩ። ነጻ የተባለበትን ሰው ሁሌ ይዘለዋል፣ እሱ ግን ብዙ ይናገራል፣ ምክንያቱም ጁሪው ፖሊስ ስለጠላ ብቻ የፈረደ ከሆነ ሁሉንም ነበር ጥፋተኛ የሚለው።

ሂሳቡን ስሩ

እዚ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የአጎቴ ልጅ በጣም የሚወዳት ኬዝ ነች፣ እና እውነቱን ለመናገር ከሁሉም እኔንም የምትከነክነኝ እሷ ነች።

ፌብሯሪ 17፣ 2005 (ዓመቶቹን ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ቴክሳስ ውስጥ ከኤል ፓሶ ወረድ ብላ ያለች ፋበንስ የምትባል ቦታ። ድንበር ጠባቂዎቹ አንድ ቫን ያሳድዳሉ። ሹፌሩ ቦይ ጋ ሲደርስ መኪናውን ጥሎ ይሮጣል፣ ቦዩ ማዶ ሆሴ ኮምፒያን የሚባለው ጠባቂ ሾትገን ይዞ ይጠብቀዋል። እጁን ወደላይ አድርጎ ነበር ተብሎ ተመስክሯል፣ ኮምፒያን በሰደፍ ሊመታው ሲል ራሱ አዳልጦት ይወድቃል፣ ሰውዬው ወደ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ይፈተለካል። ኮምፒያን ተነስቶ በሽጉጡ 14 ጥይት ገደማ ይተኩሳል፣ መሀል ላይ ካዝና ቀይሮ ማለት ነው፣ አንዱም አላገኘውም። ኢግናሲዮ ራሞስ የሚባለው ደግሞ አንድ ጥይት ተኩሶ መቀመጫው ላይ መታው። ሰውዬው እያነከሰ ወንዙን ተሻግሮ ሜክሲኮ ገባ። ቫኑ ሲፈተሽ 743 ፓውንድ ማሪዋና፣ በኪሎ 337 ገደማ።

አሁን ሁለቱ ሰዎች ስንት ተፈረደባቸው፣ ራሞስ 11 ዓመት ከ1 ቀን፣ ኮምፒያን 12 ዓመት። ኦክቶበር 2006 ነው። የአጎቴ ልጅ እዚ ጋ ነው «ሀሺሽ የጫነው ተለቆ ጠባቂው ታሰረ!» እያለ የሚጮኸው።

ግን ቁጥሩን በታትኑት። ፌደራል ህጉ ውስጥ 924 ሲ የምትባል አንቀጽ አለች፣ የኃይል ወንጀል ወይም የዕጽ ንግድ ላይ ሽጉጥ ከያዝክ በትንሹ 5 ዓመት፣ ደቅነህ ካስፈራራህ 7፣ ከተኮስክ 10፣ እሱም በሌላው ቅጣት ላይ የሚደመር እንጂ ጎን ለጎን የሚቆጠር አይደለም፣ ዳኛም ዝቅ ማድረግ አይችልም። ከራሞስ 11 ዓመት ከ1 ቀን ላይ 10ሩን ቀንሱ፣ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ይቀራል። ከኮምፒያን 12 ላይ ቀንሱ፣ ሁለት ዓመት። በቃ ዳኛዋ እጇ ላይ በነበራት ቦታ ሁሉ የፈረደችው ይሄን ነው። 10ሩን ዓመት የወሰነው ያንን አንቀጽ ያወጣው ኮንግረስና በዛ አንቀጽ ለመክሰስ የመረጠው አቃቤ ህግ ነው።

እና እዚ ጋ እሮሮው ልክ ነው እላለሁ። ያቺ አንቀጽ የታሰበችው ሊዘርፍ ወይም ዕጽ ሊሸጥ ሲወጣ ሽጉጥ ለሚታጠቅ ሰው ነው። ድንበር ጠባቂ ሽጉጥ የሚታጠቀው መንግስት ታጠቅ ስላለው ነው፣ ጠዋት ዩኒፎርም ሲለብስ አብሮ የሚመጣ ነገር ነው። ይሄን ያልኩት እኔ ብቻ ብሆን ምንም አልነበረም፣ ዴሞክራቷ ሴናተር ዳያን ፋይንስታይንና ሪፐብሊካኑ ጆን ኮርኒንም ቅጣቱ እንዲቀነስላቸው አብረው ጠይቀዋል፣ እነዚ ሁለቱ ስንቴ በአንድ ነገር ይስማሙ እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

ከተኩሱ በኋላ ምን አደረገ

ግን እዛው መዝገብ ላይ ወደ ኋላ ተመለሱ። ኮምፒያን ከተኮሰ በኋላ ቀለሃዎቹን ለቀመ። መሬት ላይ ጎንበስ ብሎ፣ አንድ በአንድ። ሁለቱም መተኮሳቸውን ለአለቆቻቸው ሪፖርት አላደረጉም፣ አለቆቹ እዛው ቦታው ላይ ደርሰው እያለ። ፍርድ ቤት ላይ ሁለቱም «እጁ ላይ ሽጉጥ የያዘ መስሎን ነው» አሉ።

አሁን እናንተ ጁሪ ናችሁ። የታጠቀ ሰው ተኮሰብኝ ወይም ሊተኩስብኝ ነበር ብሎ ያሰበ ሰው ሬዲዮውን አንስቶ «ተጠንቀቁ፣ መሳሪያ ይዟል» አይልም ወይ? ጓደኞቹ እኮ ወንዙ ዳር እየተንቀሳቀሱ ነው። ቀለሃ የሚለቅም ሰው ደግሞ ምን እያሰበ ነው የሚለቅመው? ጁሪው ያላመናቸው ለዚ ይመስለኛል፣ ለመግደል አስቦ በማጥቃት ክስ ግን ነጻ ብሏቸዋል፣ ያንንም አትርሱ።

ስለዚ ማንኛውንም የፖሊስ ኬዝ ስታነቡ ከመጨረሻው ጥይት በኋላ ያሉትን ሰዓታት ለብቻ አውጥታችሁ ጻፉ። ሪፖርት አድርጓል? የጻፈው ከቪዲዮው ጋር ይገጥማል? የመጀመሪያ እርዳታ ሰጥቷል? በሰከንድ ውስጥ የተወሰነ ነገር ስህተት ሊሆን ይችላል፣ ማንም ሰው ነው። በሚቀጥለው አንድ ሰዓት ውስጥ የተሰራ ነገር ግን በድንጋጤ አይሳበብም።

«ተለቀቀ» የተባለው ሹፌር ደግሞ፣ አዎ ለመመስከር ብሎ በዛ ቀን ለተጫነው ጭነት እንደማይከሰስ ዋስትና ተሰጥቶታል፣ ይሄ ሰውን ማናደዱ አይገርምም። ግን በኋላ በሌላ የዕጽ ክስ ተይዞ 2008 ላይ 9 ዓመት ተኩል ተፈርዶበታል። ፖስቶቹ ላይ ይሄ አይጻፍም።

የሰከንዷን ውሳኔ በስሎ ሞሽን አትዩት

ይሄ ደግሞ ለእህቴ ነው። 1989 ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግራሃም በኮነር ላይ ባለው ኬዝ አንድ መለኪያ አስቀምጧል፣ የፖሊስ ኃይል አጠቃቀም የሚመዘነው ቦታው ላይ የነበረ ምክንያታዊ ፖሊስ ምን ያይ ነበር በሚለው ነው እንጂ ነገሩ ካለፈ በኋላ ቁጭ ብሎ በሚያስብ ሰው አይን አይደለም። ያ ኬዝ የካሳ ክስ ነበር የወንጀል አልነበረም፣ ግን ሀሳቡ የወንጀል ችሎት ውስጥም ሁሌ ይነሳል። በፌደራል ደረጃ ፖሊስ የሚከሰስበት ዋናው ህግ 242 ደግሞ ሆን ብሎ የሰውን መብት መጣሱ እንዲረጋገጥ ይፈልጋል፣ ይሄም ከ1945ቱ የስክሩዝ ውሳኔ ጀምሮ ያለ ነው። ማለት ተሳሳተ፣ ተደናገጠ፣ ቸኮለ የሚሉት ለ242 አይበቁም።

ስለዚ ፌደራል ላይ በ242 ጥፋተኛ የተባለ ፖሊስ ካያችሁ ጁሪው «ስህተት ነው» የሚለውን ሰምቶ አልፎታል ማለት ነው። የስቴት ክስ ግን ሌላ ነው፣ እዛ በከባድ ቸልተኝነትም ይከሰሳሉ። የትኛው እንደሆነ ሳታዩ «ስህተት እኮ ነው ያረገው» አትበሉ፣ «ሆን ብሎ ነው»ም አትበሉ።

ማወዳደር ከፈለጋችሁ እንደዚ አወዳድሩ

ሰው ማወዳደር ይወዳል፣ ግን ቴክሳስን ከካሊፎርኒያ፣ ፌደራልን ከስቴት ጋር ያማታል። አንድ ስቴት፣ ቢቻል አንድ ካውንቲ፣ ቢቻል አንድ አይነት ክስ ፈልጉ። ሚኒያፖሊስ ያለችበት ሄነፒን ካውንቲ ለዚ በጣም ይመቻል።

መሐመድ ኑር፣ ሶማሌ አሜሪካዊ ፖሊስ፣ ጁላይ 2017 ላይ ራሷ 911 ደውላ ፖሊስ የጠራችን ሴት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ተኩሶ ገደላት። 2019 ላይ 12 ዓመት ተኩል ተፈረደበት። ኪም ፖተር፣ ነጭ፣ 26 ዓመት ያገለገለች፣ ኤፕሪል 2021 ላይ «ቴዘር! ቴዘር!» (በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዘው መሳሪያ) እያለች ሽጉጥ ተኩሳ አንድ የ20 ዓመት ልጅ ገደለች፣ 2 ዓመት ተፈረደባት፣ እስር ቤት የቆየችው 16 ወር ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ዘር ነው» ይላል፣ ላይሆን ይችላል ብዬ አልከራከርም፣ ግን ወረቀቱን እዩት። ኑር የተፈረደበት በሶስተኛ ደረጃ ግድያ ነው፣ ፖተር በማንስሎተር፣ ማለት ከግድያ በሚያንሰው ሰው የመግደል ወንጀል ነው፣ የቅጣት መመሪያውም ለየብቻ ነው። ለፖተር መመሪያው ከ7 ዓመት በላይ ይላል፣ ዳኛዋ ናት ዝቅ ያደረገችው። ኑር ደግሞ ይግባኝ ሄዶ ሴፕቴምበር 2021 ላይ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ያ የግድያ አንቀጽ ለአንድ ሰው ተነጣጥሮ ለተተኮሰ ጥይት አይሆንም» ብሎ ሻረለት፣ አብሮ ጥፋተኛ በተባለበት ማንስሎተር 57 ወር ሆነለትና 2022 ላይ ወጣ።

ይሄን አስተውሉ፣ የመጀመሪያው 12 ዓመት ተኩል በዝቶበት ነበር የሚል ሰው ልክ ነበር፣ የተሳሳተውም አንቀጹ ነው። ልክ መሆኑ የታወቀው ግን በፎቶ ሳይሆን ጠበቆቹ አንዲት የህግ ቃል ይዘው ሁለት ዓመት ስለተከራከሩ ነው።

ባጁ ያቀላል ወይስ ያከብዳል

የአጎቴ ልጅ ዋናው ክርክር «ለህዝብ ያገለገለ ሰው ሊታሰብለት ይገባል» ነው። እህቴ ደግሞ «ባጅ ስላለው እንደውም እጥፍ» ትላለች። የሚገርመው ፍርድ ቤቶቹ ሁለቱንም ብለዋል።

ጆርጅ ፍሎይድን የገደለው ፖሊስ ዴሪክ ሾቪን ላይ የሚኒሶታ መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛ 12 ዓመት ተኩል ይላል። ዳኛ ፒተር ኬሂል 22 ዓመት ተኩል ፈረደ፣ የጨመረበትን 10 ዓመት በሁለት የቅጣት ማክበጃ ነው ያስረዳው፣ የተሰጠውን አደራና ስልጣን አላግባብ መጠቀሙና የተለየ ጭካኔ ማሳየቱ። አቃቤ ህጎቹ የጠየቁት 30 ዓመት ነበር፣ ያን ያህል አልሰጣቸውም።

ሌላው ጫፍ የሮድኒ ኪንግ ኬዝ ነው። ስቴሲ ኩንና ሎረንስ ፓወል ሎስ አንጀለስ ላይ 1991 ኪንግን የደበደቡት ላይ የነበሩ ፖሊሶች፣ ስቴት ላይ 1992 ጁሪው ሳይፈርድባቸው ቀረ፣ ከተማው ተቃጠለ፣ ከዛ ፌደራል ከሰሳቸውና 1993 ላይ ጥፋተኛ ተባሉ። መመሪያው ከ70 እስከ 87 ወር ይላል፣ ዳኛው 30 ወር ብቻ ፈረደ። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና 1996 ላይ ዳኛው የሰጣቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ በወንፊት አሳለፏቸው። ይሄን ውሳኔ ሴቭ አድርጉት፣ ከፖስት ሁሉ ይሻላል። ያለፉት፣ ኪንግ ራሱ መጀመሪያ ላይ እምቢ ብሎ ሁኔታውን ማባባሱ፣ ፖሊስ እስር ቤት ውስጥ ለጥቃት የተጋለጠ መሆኑ፣ በአንድ ድርጊት ሁለቴ መከሰሳቸው የሚያደርሰው ጫና። የወደቁት፣ ስራቸውን ማጣታቸውና ድጋሚ ወንጀል የመስራት እድላቸው አነስተኛ መሆኑ። ስራ ማጣት ያልተቀበሉበት ምክንያት ቀላል ነው፣ ስልጣኑን አላግባብ የተጠቀመ ሰው ስልጣኑን ማጣቱ የሚጠበቅ ነው፣ ያስከሰሰው ነገር ራሱ እሱ ስለሆነ።

ስለዚ ለአንድ ፖሊስ ስትከራከሩ «20 ዓመት አገልግሎ ጡረታውን አጣ» አትበሉ፣ ደካማ ነው። «እስር ቤት ውስጥ ምን ይጠብቀዋል» በሉ፣ እሱ ጠንካራ ነው።

እስር ቤቱ ራሱ

እዚ ጋ የአጎቴን ልጅ አምነዋለሁ፣ ስራው ስለሆነ። ራሞስ በታሰረ ሳምንታት ውስጥ፣ ፌብሯሪ 2007፣ በቲቪ ስለሱ ከታየ በኋላ እስረኞች ቀጥቅጠውታል። ሾቪን ኖቬምበር 2023 ላይ ቱሳን ያለው ፌደራል እስር ቤት ውስጥ 22 ጊዜ ተወግቷል። መፍትሄው ታዲያ ምንድነው፣ ለብቻ መዝጋት፣ እኛ ጨለማ ቤት የምንለው አይነት ነገር። ራሞስና ኮምፒያን አብዛኛውን ጊዜያቸውን እንደዛ ነው ያሳለፉት። የአጎቴ ልጅ «ኤክስ ፖሊስ ሲመጣብን አንድ ዓመቱ እንደ ሁለት ነው የሚቆጠረው፣ ወረቀት ላይ ግን አንድ ነው የሚባለው» ይላል። እህቴም ለዚች መልስ አጥታ «ይሄማ ለሁሉም እስረኛ መስተካከል ያለበት ነው» አለች፣ እኔም እሷን እደግፋለሁ ግን እሱም አልተሳሳተም።

እሮሮውን የት ትወስዱታላችሁ

ካነበባችሁ በኋላ «አዎ በዝቷል» ካላችሁ የበዛው ምን እንደሆነ ለዩና ወደዛው ሂዱ። ጥፋተኛ መባሉ ከሆነ ይግባኝ ነው። አንቀጹ የማይመጥን ከሆነም ይግባኝ ነው፣ እንደ ኑር። አንቀጹ በህግ ልክ ሆኖ ቁጥሩ ከሆነ የከበደው ዳኛ ላይ መጮህ ዋጋ የለውም፣ ቅጣት የሚያሳጥር ሰው ጋ ነው የሚኬደው።

እሱም ሁለት አይነት ነው፣ ሰው ያምታታዋል። ቅጣት ማሳጠር ዓመቱን ይቆርጣል፣ ጥፋተኝነቱን አይነካም። ይቅርታ ግን ከዛ ያልፋል። ቡሽ ጃንዋሪ 19፣ 2009፣ ስልጣን ሊለቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ለራሞስና ለኮምፒያን ቅጣቱን አሳጠረላቸው፣ ሁለት ዓመት ገደማ ታስረው ወጡ፣ ግን ወንጀለኞች እንደሆኑ ነው የወጡት። ሙሉ ይቅርታ ያገኙት ዲሴምበር 2020 ከትራምፕ ነው። እኔ ብጠየቅ የቡሽ ይበቃ ነበር፣ አስሩ ዓመት ይነሳ፣ ቀለሃው ግን ይቆጠር።

ፕሬዝዳንት ደግሞ የሚነካው ፌደራሉን ብቻ ነው። ሾቪን ፌደራል 21 ዓመት ስቴት 22 ተኩል አለበት፣ ጎን ለጎን ነው የሚቆጠሩት፣ ስለዚ ማንም ፕሬዝዳንት ፌደራሉን ነገ ቢያነሳለት የስቴቱ እንዳለ ይቀመጣል። «ትራምፕ ይፍታው» የሚል ፔቲሽን ሲመጣላችሁ መጀመሪያ የምታዩት ይሄን ነው።

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ አዲስ ፎቶ ለጠፈ። እህቴ ልትጽፍ ስትጀምር ታየኛለች፣ ቀድሜ «ፌደራል ነው ስቴት? «ከዚህ በታች አትውረድ» የሚል አንቀጽ ያለው ክስ አለበት?» ብዬ ጻፍኩ። ለ20 ደቂቃ ዝም አለ። ከዛ የክሱን ፒዲኤፍ ላከና «ሶስተኛው ክስ ላይ አንድ ነገር አለ፣ እስቲ እያችሁ ንገሩኝ» አለ።